«የማስተማሪያ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው»

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ የቸኮላችሁ ደግሞ ማታ ተመለሱበት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ጥር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጋኝ መጣች። ስሟን አልጠራም። ጎበዝ ናት፤ በተለይ ሒሳብ ላይ የሚያህላት አልነበረም። አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ የክፍያውን አብዛኛውን ሸፍኖ ሊቀበላት ተስማምቷል። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ መቻሏን የሚያሳይ ማስረጃ። ወይ ቶፍል፣ ወይ አይልትስ፣ ወይ ዱዎሊንጎ የሚባለውን ተፈትና ውጤቱን ትላክ፤ ካልሆነም የተማረችበት ትምህርት ቤት «የማስተማሪያ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ማህተም አድርጎ ይጻፍላትና እናየዋለን ብለዋታል። ያ ማስረጃ ካልደረሳቸው ለቪዛው የሚያስፈልጋትን አይ-20 የሚባለውን ቅጽ አይልኩላትም። ቅጹ ከሌለ ደግሞ ኤምባሲ ቀጠሮ መያዝ ብሎ ነገር የለም።

«ቲቸር፣ ደብዳቤውን እርስዎ ቢያረቁልኝስ? ዳይሬክተሩ እፈርማለሁ ብለዋል» አለችኝ።

ምን ችግር አለው ብዬ ተቀበልኳት። ሦስት መስመር ናት። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና እጄ ቆመ። አሁን ይሄ እውነት ነው ወይስ ውሸት? ይቺን ልጅ ሁለት ዓመት ታሪክ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ፈተናው እንግሊዝኛ ነው። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ኖት እንግሊዝኛ ነው። አፌስ? አፌ አማርኛ ነው። አድዋን በእንግሊዝኛ አንብቤ በአማርኛ ነው የተረክሁላቸው። እንዲያ ባላደርግ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ተማሪ የሚከተለኝ አራት ወይ አምስት ልጅ ነበር። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛውና ጣልያንኛው አልገጥም ብሎ ስንት ደም እንዳፋሰሰ፣ በሦስተኛ ቋንቋ ከተጻፈ መጽሐፍ ላይ አንብቦ ማስረዳት ምን እንደሚመስል እስቲ አስቡት።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ መሄድ ልማዴ ነው። ይሄ የእንግሊዝኛ ማስረጃ የሚባለው ነገር ማን አመጣው? መቼ? ለምን? (ዓመቶቹን ባብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እልበታለሁ።)

ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት ጥራት ብለው ያመጡት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። በእርግጥ ለትምህርት ተብሎ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ፈተና ቀደም ብሎም ነበረ። ካምብሪጅ በ1913 ለውጭ ሰዎች የሚሆን የእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጅቶ ነበር። 12 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ጉድ ነው፤ ትርጉም አለበት፣ ሰዋስው አለበት፣ ድርሰት አለበት፣ ጮክ ብሎ ማንበብና መነጋገርም አለበት። በዚያ ዓመት ሦስት ሰዎች ተፈተኑ። ሦስቱም ወደቁ። (ተማሪዎቼ «ፈተናው ከበደን» ሲሉኝ ይህችን እነግራቸዋለሁ፤ ባያጽናናቸውም ያስቃቸዋል።) ያ ፈተና ግን በዋናነት እንግሊዝኛ ለማስተማር ለሚፈልጉ ሰዎች የታሰበ ነበር። ከድንበርና ከቪዛ ጋር ጉዳይ አልነበረውም።

የኛዎቹ የመጀመሪያ ተማሪዎች ሲሄዱም ማንም እንዲህ ያለ ወረቀት አልጠየቃቸውም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ራስ ተፈሪ ወደ ውጭ ከላኳቸው ወጣቶች አንዱ መላኩ በያን ነበሩ። መጀመሪያ ወደ ህንድ ሄዱ፣ ከዚያ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ኦሃዮ ውስጥ ማስኪንገም ኮሌጅ ተምረው፣ በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1935 ሐኪም ሆነው ወጡ። ጣልያን ሲወረን አገራቸው ገብተው አገለገሉ፣ ከዚያም ተመልሰው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸውን ያጠናከሩት እዚያው እየተማሩ ነው። ዛሬ ቢሆን እንዴት ነበር የሚሆነው እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

በሩ የጠበበው በ1924 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ የኢሚግሬሽን ሕግ አወጣ። ከየአገሩ በዓመት ስንት ሰው መግባት እንደሚችል በቁጥር ተወሰነ። ለኢትዮጵያ የተመደበው 100 ነበር። ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣው ሰው በጣም ተቀነሰ፣ የእስያ ሰው ደግሞ ጭራሽ ተከለከለ ማለት ይቻላል። ሕጉ ላይ ግን አንድ ክፍተት ቀረ፤ ተማሪ ከኮታው ውጭ ነው። እንግዲህ ክፍተት ባለበት ጥርጣሬ አይጠፋም። የኢሚግሬሽን ሰዎች «ተማሪ ነኝ እያለ የሚገባው ሁሉ እውን ተማሪ ነው?» ማለት ጀመሩ። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪው ምን ያህል እንግሊዝኛ ማወቅ እንዳለበት እንዲገልጹና ይህም ከመምጣቱ በፊት እንዲረጋገጥ ግፊት መጣ። ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ፈተና አዘጋጅ ድርጅት በ1930 ውጭ አገር ሆነው ለሚያመለክቱ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ ስለነበር ተፈታኝ አልበዛለትም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀረ።

እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ለውጭ ተማሪ ተብሎ የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፈተና «ይህ ልጅ ትምህርቱን መከታተል ይችላል ወይ?» የሚል የመምህር ጥያቄ ብቻ አልነበረውም። ከጀርባው «ይህ ሰው እያታለለን ይሆን?» የሚል የዘበኛ ጥያቄም ነበረው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ወረቀት ላይ ተሰፍተው እስከ ዛሬ አልተለያዩም።

ቶፍል የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የውጭ ተማሪ ወደ አሜሪካ ጎረፈ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ተሰብስበው መከሩ፣ በ1964 የመጀመሪያው ቶፍል ተሰጠ። ያኔ ጠቅላላው ምርጫ ነበር፤ ማዳመጥ፣ ሰዋስው፣ ንባብ፣ ቃላት። አፍ መክፈት የለም። በዚህ ምክንያት ነው የድሮ ሰዎች ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ «ባሮንስ» ገዝተው፣ ሰዋስው ሸምድደው፣ ማንንም ሳያናግሩ ጥሩ ውጤት ያመጡ የነበረው። መናገር የግድ የሆነው በ2005 በኢንተርኔት የሚሰጠው ሲመጣ ነው።

እንግሊዞቹ ዘንድ ደግሞ ድሮ የብሪቲሽ ካውንስል ሠራተኛ አመልካቹን አነጋግሮ፣ ምን ያህል እንደሚችል ገምቶ ቅጽ ይሞላ ነበር። ሰው ሰውን እያየ። ከዚያ በ1960ዎቹ አጋማሽ መደበኛ ፈተና ተሠራ፣ በ1980 ሌላ ተተካ፣ እሱም በ1989 አይልትስ ሆነ። የአይልትስ ውጤት ከ0 እስከ 9 ነው፤ ለቪዛም ሆነ ለብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው እንግሊዝኛህ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው፤ እንደ ወተት። ገንዘብህን ይዘህ እንደገና ና።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ፤ ደብዳቤው ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር የተወለደችው እዚህ ነውና።

እንግሊዝኛ የኛ ትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ አልተፈጠረም። ከጣልያን ወረራ በፊት የተማረ ሰው ማለት ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ማለት ነበር። በ1908 የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ሌሎች ቋንቋዎችም ቢሰጡበት ፈረንሳይኛው ያይል ነበር። የጅቡቲው ባቡር ፈረንሳይኛ ነው፤ ጋዜጣም በፈረንሳይኛ ይታተም ነበር። ጃንሆይ ራሳቸው ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ጄኔቭ ላይ በ1936 በአማርኛ የተናገሩት ፈረንሳይኛ አጥተው አይደለም።

በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ከአርበኞቻችን ጋር ጣልያንን አስወጥተው ሲገቡ ነገሩ ተገለበጠ። አማካሪው እንግሊዝ፣ መጽሐፉ ከእንግሊዝ፣ መምህሩ ከእንግሊዝ። በ1943 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1946 ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። በዚያ ዘመን ጥቂት ልጆች የለንደን ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና፣ ማትሪኩሌሽን የሚባለውን፣ ይፈተኑ ነበር። «ማትሪክ ወደቀ»፣ «ማትሪክ አለፈች» የምንለው ቃል ከዚያ ነው የቀረልን። ለንደንን ረሳን፣ ቃሉን ያዝን። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ኃላፊው ሉሲየን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ነበሩ፤ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ተሰጠ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። የዚያን ጊዜ ተማሪ የነበሩ አባቶችን ስታናግሩ እንግሊዝኛቸው ለምን እንደኛ እንደማይንተባተብ የምትረዱት ያኔ ነው። ጥቂት ነበሩ፣ የሚያስተምራቸውም ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቅኝ ያልተገዛ አገር ነን እያልን፣ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እናስተምራለን። ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ አልተነካም። በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ፤ ሁለተኛ ደረጃውን ግን ለእንግሊዝኛ ተወው። ልጁ በአንደኛ ደረጃ «ፎቶሲንተሲስ»ን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ተምሮ፣ ክረምት ከብት ጠብቆ፣ መስከረም 9ኛ ክፍል ሲገባ ዓለም በሙሉ በአንድ ጊዜ ቋንቋዋን ቀይራ ትጠብቀዋለች።

በደርግ ጊዜ የሆነውን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በዚያ ዘመን ብዙ ሺህ ኢትዮጵያዊ ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ኩባ ሄዶ ተምሯል። ሶቪየት የሚሄደውን ተማሪ «ሩስኛ መቻልህን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ» ያለው የለም። መጀመሪያ ይወሰዳል፤ እዚያ ደርሶ አንድ ዓመት «ፖድፋክ» በሚሉት መሰናዶ ክፍል ሩስኛ ይማራል፤ ከዚያ ምሕንድስናውን ወይም ሕክምናውን ይቀጥላል። እኛ ከተማ ሆስፒታል ለረጅም ዓመት የሠሩ አንድ ሐኪም ሲሄዱ ከሩስኛ የሚያውቁት «ዳ» እና «ኔት» ብቻ እንደነበር ነግረውኛል። ሲመለሱ ቼኾቭን በሩስኛ ያነብቡ ነበር። ያ ሥርዓት ለጽድቅ ብሎ እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ ፖለቲካ ነበረበት፣ ማን እንደሚሄድ የሚመረጥበትም መንገድ ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም። ግን ቋንቋውን የማስተማር ወጪ የተቀባዩ አገር ነበር። አሁን ወጪው የአመልካቹ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ነው።

ወደኔ ዘመን ልምጣ። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ዕድሜያችሁ ከኔ ጋር የሚቀራረብ ታስታውሳላችሁ፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ውስጥ ተሰቀለ። ትምህርቱ ተቀርጾ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በሳተላይት ይለቀቃል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ ሁሉም በፕላዝማ። የራሳችን መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሃሉ የቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ እኛ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳይገባን «ኤክሰለንት!» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የሒሳብ መምህራችን ጥግ ላይ ጠመኔውን ይዞ ቆሞ አብሮን ያይ ነበር። ዛሬ መምህር ስሆን የዚያ ሰው ፊት ይታየኛል። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ነበር፤ እሱ በአማርኛ ያስረዳናላ።

እንዲያም ሆኖ በወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ተምረናል። ያውም የአፍ መፍቻውን ያህል ከሚናገር ሰው። እና ሰሞኑን የእንግሊዝን የተማሪ ቪዛ ሕግ ሳነብ ምን አየሁ መሰላችሁ? አብዛኛው ሕዝባቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው ተብለው ዜጎቻቸው ማስረጃ የማይጠየቁባቸው አገሮች ዝርዝር አለ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ አሉበት። ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ትሪኒዳድ አሉበት። ማልታ አለችበት። ከአፍሪካ አንድም አገር የለም። ናይጄሪያ የለችም፣ ጋና የለችም፣ ኬንያ የለችም። ደቡብ አፍሪካም የለችም! ያ በሳተላይት እንግሊዝኛ ሲያስተምረኝ የኖረው ሰውዬ ራሱ ለንደን ሄጄ ልማር ቢል ማስረጃ አምጣ ይባላል ማለት ነው። ናይጄሪያውያን ወጣቶች ይሄን ይዘው በ2021 ዘመቻ አድርገው ነበር፤ እንግሊዝ ራሷ ያስተማረችንን ቋንቋ እንደገና ከፍለን ለሷ እናስረዳ ወይ ብለው። እውነታቸውን ነው። እኛ እንዲያ ብለን ለመናገር እንኳ አፋችን ሙሉ አይደለም፤ ማንም አላስገደደንም፣ መርጠን ነው የወሰድነው።

ፈተናው ራሱ የሚታመን እንዳይመስላችሁ ደግሞ አንድ ታሪክ ልጨምር። በ2014 መጀመሪያ ቢቢሲ እንግሊዝ ውስጥ ባሉ አንዳንድ የፈተና ጣቢያዎች በተማሪው ቦታ ሌላ ሰው እየገባ እንደሚፈተን በድብቅ ቀርጾ አሳየ። ፈተናው ቶይክ ይባላል፤ ለቪዛ ማራዘሚያ ይቀበሉት ነበር። ማጭበርበሩ እውነት ነበር። የመጣው ቅጣት ግን ጉድ ነው። ድርጅቱ የተፈታኞቹን የተቀረጸ ድምፅ በኮምፒውተርና በሰው አስመርምሮ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከተሰጡት 58 ሺህ ገደማ ፈተናዎች 97 በመቶው ወይ የተጭበረበረ ወይ አጠራጣሪ ነው አለ። ከመቶ ዘጠና ሰባት! ከ30 ሺህ በላይ ሰው ቪዛው ተሰረዘ ወይም ተከለከለ። መሃላቸው ያጭበረበሩ ነበሩ፤ ፍርድ ቤት ቀርበው በጠራ እንግሊዝኛ «ድምፁ የኔ ነው» ብለው የተከራከሩና ከስንት ዓመት በኋላ የረቱም ነበሩ። ከ1924 የመጣው የዘበኛው ጥያቄ የመምህሩን ጥያቄ ሲውጠው እንዲህ ነው። ዳኛው ፊት ቆሞ እንግሊዝኛ እየተናገረ እንግሊዝኛ አይችልም የተባለ ሰው!

ያም ሆኖ ፍትሐዊ ልሁን። አሜሪካ ሄዶ ሌክቸሩን መከታተል አቅቶት፣ ዓመቱን በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ተሸጉጦ አልቅሶ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። መስፈርቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ቪዛ ሕግም ቢሆን «ይህን ፈተና ተፈተን» ብሎ አንድ ፈተና አይጠራም፤ ኮሌጁ ነው የሚወስነው፣ ቅጹ ላይም የሚሞላው እሱ ነው። ብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎችም ለዲግሪ የሚገባውን ተማሪ ራሳቸው መመዘን ስለሚችሉ ከኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄደውን «በእንግሊዝኛ ነው የተማረው» የሚል ደብዳቤ ተቀብለው ያስገቧቸው አሉ። እና ያቺ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም። ስንት ሰው አሻግራለች። ውሸት እየሆነች ስትሄድ ደግሞ የሚከተለውን ተማሪ በር ትዘጋለች፤ ተቀባዮቹ አንድ ቀን «የእነዚህ ደብዳቤ አይታመንም» ይላሉ።

ይሄን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ደብዳቤውን እንዲህ ጻፍኩት፤ በአገሪቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ መማሪያ መጻሕፍቱና ፈተናዎቹ በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። እዚያ ላይ አቆምኩ። «ተማሪዋ በእንግሊዝኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ትጽፋለች» የሚለውን የተለመደ መስመር ተውኩት። ዳይሬክተሩ አነበቡና «ምነው መምህር፣ ጎደለሳ» አሉኝ። የማላውቀውን እንዴት ልመስክር አልኳቸው። ሁለት ዓመት አስተምሬያት አንድም ቀን በእንግሊዝኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ጥፋቱ የማን ነው? እንድትናገር ጠይቄያት አላውቅም እኮ።

ልጅቷ ደብዳቤውን ተቀብላ ቆማ አነበበችው። ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ኮሌጁ መለሰ። ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም፣ የፈተና ውጤት ላኪ። ያቺን የተውኳትን መስመር ብጽፋት ኖሮ ይበቃ ነበር ይሆን? አላውቅም። እሷም አልጠየቀችኝም።

መጀመሪያ ዱዎሊንጎን አሰብን፤ በኮምፒውተር ከቤት ነው የሚሰጠው፣ ዋጋውም ይሻላል። ክፍያው ግን በውጭ ካርድ ነው። ዱባይ የምትሠራ አክስቷ ከፈለችላት። ፈተናው መሃል ላይ ኔትወርክ ተቋረጠና ሳይጨረስ ቀረ። ከዚያ አክስቷ እንደገና ላከች፤ የአይልትስ ተመዘገበች። ክፍያው ከአንድ ወር ደሞዜ በላይ ነው፤ ፈተናው ደግሞ አዲስ አበባ። ከኛ ከተማ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው፣ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ።

አንድ ወር ከግማሽ ከሥራ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ አለማመድኳት። ያ የፕላዝማው የብረት ሳጥን ግድግዳው ላይ አሁንም አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ርግብ ጎጆ ሠርታበታለች። ንባቡ አላስቸገራትም። ማዳመጡንም በስልክ እየደጋገመች ለመደችው። የጨነቃት መናገሩ ነው። አንድ ካርድ ይሰጥሻል፣ አንድ ደቂቃ ታስቢያለሽ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻሽን ትናገሪያለሽ። ስለ ራስሽ፣ ስለምታስታውሺው ቦታ፣ ስለምታደንቂው ሰው። ሰዓት ይዤ «ጀምሪ» አልኳት። ሠላሳ ሰከንድ ላይ ዝም አለች።

«ቀጥይ።»

«አለቀ እኮ ቲቸር። ምን ልጨምር?»

አየችኝ፤ ወዲያው መሬት አየች። ያደገችው በታላቅ ፊት ቃል አታብዢ፣ ዐይን ለዐይን አትዪ እየተባለ ነው። እኔም ክፍል ውስጥ ስትገባ ያገኘሁት ያንኑ ነው፣ ያጠናከርኩትም ያንኑ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ደስ ይለኛል። አሁን አንድ የማታውቀው ሰው ፊት ቁጭ ብላ ስለ ራሷ ሁለት ደቂቃ አውሪ ስትባል፣ የጎደላት ቃል ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ካርዱን ትቼ ወሬ ጀመርኩ። ስለ አያቷ ጠየቅኋት። ስለ ወንዙ። በግ ስለጠፋባት ቀን። በአማርኛ መጀመሪያ፣ ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ። የኔም እንግሊዝኛ ይሰበራል፤ ስሰብረው ስታይ ደፈር አለች። ሁለታችንም እየሰበርን ሰነበትን። አራተኛው ሳምንት ላይ ስለ በጉ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ተናገረች፤ በጉ ሲገኝ ሰዓቱ ሳያልቅ ስለቀረ ተናደደች።

በነገራችን ላይ ከሚያዝያ ጀምሮ ክፍል ውስጥም ነገር ቀይሬያለሁ። በየክፍለ ጊዜው ሁለት ልጅ ቆሞ ያለፈውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ሁለት ደቂቃ ይተርካል። ስህተት አይታረምም። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። አሁን እጅ የሚያወጣ አለ። አማርኛዬን አልተውኩም፣ አልተውምም፤ ልጁ አድዋን ሳይገባው ቢቀር እንግሊዝኛው ምን ያደርግለታል?

ቅዳሜ ዕለት ተፈተነች። ማታ ከመናኸሪያ አጠገብ ካለ ማደሪያ ደወለችልኝ፤ ጀርባዋ ላይ የአውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማል።

«ቲቸር፣ ሁለቱን ደቂቃ ሞላሁት። ሰውዬው ራሱ ነው በቃሽ ብሎ ያስቆመኝ።»

ውጤቱ ገና አልመጣም።